«ብስክሌቴ ተዘጋጅታለች፤ እናቴ ግን አታውቅም!»

በዚህ ሳምንት የመረጥነው ደብዳቤ የመጣው ከንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ነው። ላኪው ስሙ እንዳይወጣ ስለጠየቀ «ተጓዡ ከጀሞ» ብለነዋል። ረዘም ያለ በመሆኑ ጥቂት አሳጥረነዋል፤ አነጋገሩን ግን አልነካንበትም።

ደብዳቤው

«ይድረስ ለተከበሩት የዓምዱ አዘጋጅ፤ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ዕድሜዬ 24 ነው። የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ከእናቴና ከታናሽ እህቴ ጋር ሲሆን አባታችን በሕይወት የለም። ጎፋ አካባቢ ሞባይል ጥገና እሠራለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ነፍሴ ብስክሌት ላይ ነው። ሰፈራችን በደቂቃ ሒሳብ የሚከራይ ብስክሌት በነበረ ጊዜ የዳቦ መግዣዬን ሁሉ የበላው እሱ ነው።

አሁን ግን ትልቅ ነገር አስቤያለሁ። ከአዲስ አበባ ናይሮቢ ድረስ በብስክሌት ልሄድ ነው! ሁለት ዓመት ዕቁብ ጥዬ ሲደርሰኝ ያገለገለች ግን ጥሩ ብስክሌት ገዛሁ። የጎን ቦርሳውን፣ ድንኳኑን፣ መለዋወጫውን አንድ በአንድ አሟላሁ። ፓስፖርት አመልክቼ ለጥር 2 ቀን ተቀጥሬያለሁ። የምነሳው ጥምቀት እንዳለፈ፣ ጥር 15 ነው። አሠሪዬም የአንድ ወር ተኩል ፈቃድ ሰጥቶኛል።

ቀኑ እየቀረበ ሲመጣ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ዕቃዬ ያለው አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቤት ነው። በየማታው እሄድና ሁሉንም ከቦርሳው አውጥቼ፣ ቆጥሬ፣ መልሼ እከተዋለሁ። ብስክሌቷን እንዳትበላሽብኝ ብዬ ወር ሙሉ አልነዳኋትም፤ ጨርቅ ለብሳ ቆማለች። አብሮኝ ሊሄድ የነበረው ጓደኛዬ ደግሞ በቀደም «ሥራ አገኘሁ፣ እኔ ይቅርብኝ» አለኝ። በጣም ስለተናደድኩ ካኮረፍኩት ይኸው ዘጠኝ ቀን ሆነ።

ዋናው ነገር እናቴ አታውቅም። ብነግራት እንደማትፈቅድ አውቃለሁ። እሷ ፊት «ሞያሌ» ተብሎ አይጠራም። አብሮን ያደገው የአጎቴ ልጅ በዚያ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ብሎ ከወጣ ስድስት ዓመት ሆነው። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው ከሞያሌ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። ስለዚህ እኔ «ለሥራ ሐዋሳ ልሄድ ነው» ብያት ልወጣና ሞያሌን ስሻገር ደውዬ እውነቱን ልነግራት አስቤያለሁ። የምታውቀው እህቴ ብቻ ናት፤ እንዳትናገር አስምያታለሁ። እናቴ «ማርያም ትጠብቅህ» ሳትለኝ አንድ ቀን ከቤት ወጥቼ አላውቅም። ይህን ሳስብ ሆዴ ይረበሻል።

ጥያቄዎቼ ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ሳልነግራት ብሄድ ጥፋት ነው ወይ? ሁለተኛ፣ ጓደኛዬ ስለቀረ ብቻዬን ልሂድ? ሦስተኛ፣ ይህን የመጠበቅ ጭንቀት ምን ላድርገው? መልስዎን በጉጉት እጠብቃለሁ።»

መልስ

ወንድሜ ተጓዡ፤ በቅድሚያ እንኳን ደስ ያለህ! ሁለት ዓመት ዕቁብ ጥሎ የደረሰውን ብር ሁለት ጎማ ላይ የሚያውል ወጣት በየቀኑ አይገኝም። ጥያቄዎችህን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እየመለስኩ እሄዳለሁ። ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ በኋላ ይገባሃል።

መጠበቅም ከጉዞው ይቆጠራል

አንተ ጉዞው የሚጀምረው ጥር 15 ነው ብለህ ታስባለህ። እኔ ደግሞ ተጀምሯል እልሃለሁ። ከዕቃ ማውጣትና መክተት ጋር የያዘህ ግብግብ ምልክቱ ነው። አካልህ ጀሞ ነው፣ ልብህ ማርሳቢት ደርሷል፤ በመሃል እጅህ ሥራ ስላጣ ቦርሳውን ይነካካል።

ይህ በሽታ ያንተ ብቻ እንዳይመስልህ። በብስክሌት ዓለምን በመዞር የመጀመሪያው ሰው ቶማስ ስቲቨንስ ይባላል። የፊት ጎማዋ ግዙፍ፣ የኋላዋ ትንሽ በሆነችው የድሮ ብስክሌት እ.ኤ.አ. በ1884 ከሳን ፍራንሲስኮ ተነስቶ በ1886 መጨረሻ ጃፓን፣ ዮኮሃማ ገባ። ታዲያ ይህ ሰው ሁለት ዓመት ከምናምኑን ሁሉ ሲነዳ የኖረ እንዳይመስልህ። የመጀመሪያውን የብርድ ወራት ኒው ዮርክ ቁጭ ብሎ አሳለፈ። የሚቀጥለውን ደግሞ ቴህራን ላይ አገባደደው። በአፍጋኒስታን በኩል ሊያልፍ ሞክሮ ስለተመለሰ ዞሮ ዞሮ በመርከብ ህንድ ገባ። መጠበቅና መዞር የዚህ ሥራ ግማሹ ነው ማለት ነው። የያዘውስ ዕቃ? ካልሲ፣ ቅያሪ ሸሚዝ፣ ለድንኳንም ለመኝታም የሚሆን የዝናብ ልብስ፣ አንድ ሽጉጥ። ሽጉጡን ተወውና በዕቃው ማነስ ተማር! በየማታው አውጥተህ ስትቆጥር አንድ ዕቃ እየጨመርክ ከሆነ ተሳስተሃል፤ አንድ እየቀነስክ ከሆነ ቁጠር፣ ግድ የለም።

አገራችንም ለብስክሌት እንግዳ አይደለችም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1956) ሜልቦርን ላይ ከሯጮቻችን ጋር እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ተወዳድረዋል። በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2016) ፅጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ከ1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2003) ጀምሮ ደግሞ ከካይሮ ኬፕታውን የሚነዱ የቱር ዳፍሪክ ተጓዦች ለብዙ ዓመታት በአገራችን መሃል ሲያልፉ ሕፃናት እየሮጡ ሸኝተዋቸዋል። ስለዚህ ጎረቤት «አበደ» ቢልህ መልስ አለህ። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ ሰዎች የሄዱት በይፋ ነው፤ ተደብቀው አይደለም። ይህቺን ለኋላ አቆያት።

ብስክሌቷን ከጨርቁ አውጣት

«እንዳትበላሽብኝ» ብለህ ወር ሙሉ ያልነዳሃት ብስክሌት የምትበላሸው የት እንደሆነ ልንገርህ? ሰው በሌለበት፣ ጥላ በሌለበት፣ ከሜጋ ወዲያ! ልትበላሽ ከሆነ ጀሞ ትበላሽ። እዚህ መርካቶ አለ፣ ጎሚስታ አለ፣ ወዳጅ አለ። እዚያ ያለው ጎሚስታ የሚያውቀው የአይሱዙ ጎማ ነው።

ዛሬውኑ ጨርቁን ግለጥ። ከሥራ በፊት በለቡና በጀሞ መሃል ባለው የብስክሌት መስመር ተመላለስባት። የያዝከውን ጭነት በሙሉ ጭነህ ንዳ። ባዶዋን ብስክሌት መንዳትና የጫነችውን መንዳት ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። የጫነች ብስክሌት ቁልቁለት ላይ ቶሎ አትቆምም፣ በነፋስ ትወዛወዛለች፣ ዳገት ላይ ትለምንሃለች።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ የሙከራ ጉዞ አድርግ። በሳሪስና በቃሊቲ በኩል ወጥተህ በአቃቂና በዱከም አድርገህ ቢሾፍቱ ግባ፤ እዚያው እደርና እሑድ ተመለስ። ፈጣን መንገዱ ለብስክሌት ስለማይፈቀድ የድሮውን ያዝ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ቢሾፍቱ ወደ 1,900 ነው። ስትሄድ መንገዱ ያስቅሃል፣ ስትመለስ ያስከፍልሃል። በሁለት ቀን ውስጥ የትኛው ቦርሳ እንደሚፈታ፣ ኮርቻው የት እንደሚያቆስልህ፣ የትኛውን ዕቃ ጭራሽ እንዳልነካኸው ታውቃለህ። ያልነካኸውን እቤት አስቀር። አብሮህ የሚነሳው ሕመም ካለም አሁን ይውጣና መፍትሔ ይፈለግለት።

አንድ ነገር ደግሞ በእጅህ መሥራት አለብህ። ሰፈርህ ያለ ብስክሌት ጠጋኝ ጋ ሦስት ማታ ቁጭ በልና ካላማዳሪያ መቀየር፣ ቀዳዳ በማስቲሽ መለጠፍ፣ የተበጠሰ ሰንሰለት ማገናኘት፣ ፍሬን ማጥበቅ ተማር። ሞባይል የሚጠግን እጅ ይህ አያቅተውም። ከዚያ በኋላ ዓይንህን ጨፍነህ መሥራት እስክትችል ደጋግመው። መሣሪያ መያዝ ሌላ፣ በመሣሪያው መሥራት ሌላ ነው!

ወረቀቱ፣ ብሩና ውኃው

የመጠበቂያው ጊዜ ለወረቀት ነው የተፈጠረው። ፓስፖርት ጥር 2 ከተቀበልክ 13 ቀን ይተርፍሃል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንዳይሆን ግን ቀጠሮው ቢዘገይ መነሻውም እንደሚዘገይ ከአሁኑ ለራስህ ንገረው። ፓስፖርት ሳይዙ «እስከ ሐዋሳ ልጠጋ» ማለት አያዋጣም።

የቢጫ ወባ ክትባት አትርሳ። የክትባት ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ 10 ቀን በኋላ ነው። ፓስፖርት ካስፈለገህ ጥር 2 ተቀብለህ በማግሥቱ ተከተብ፤ ቀኑ ይበቃሃል። አንዴ ከተከተብክ ዕድሜ ልክህን ያገለግልሃል። እግረ መንገድህን ሐኪሙን ስለ ወባ መከላከያም ጠይቀው፤ ወደ ቆላ ነው የምትወርደው። ቪዛን በተመለከተ የኢትዮጵያና የኬንያ ዜጎች ያለ ቪዛ የሚገቡበት የቆየ ስምምነት አለ። ሆኖም ኬንያ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ እንግዶች አስቀድመው በኢንተርኔት የሚሞሉት የጉዞ ፈቃድ አምጥታለች፤ ማን እንደሚሞላና ማን ነፃ እንደሆነ ደንቡ ስለሚሻሻል ከመነሳትህ በፊት ከኤምባሲው አረጋግጥ። ሞያሌ ላይ የኢትዮጵያን የመውጫ ማህተምም የኬንያን የመግቢያ ማህተምም ማስመታት ግዴታህ ነው። የብስክሌቷን የግዢ ደረሰኝ ያዝ። ከፔዳሉ ሥር ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ፎቶ አንስተህ ለእህትህ ላክላት።

ብር ሞያሌ ላይ ይሠራል፤ ማርሳቢት ስትደርስ ወረቀት ነው። የውጭ ምንዛሬ ደንቡ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተለወጠ ወዲህ ብዙ ነገር ስለተቀያየረ ለመንገደኛ የሚፈቀደውን ባንክህ ሄደህ ጠይቅ። «መንገድ ላይ እመነዝራለሁ» ብለህ በኪስህ ጥሬ ብር ይዘህ አትዙር።

አሁን ወደ መንገዱ። ከአዲስ አበባ ሞያሌ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሞያሌ ናይሮቢም ከዚያ ብዙ አይለይም። በቀን 80 ብትነዳ ሃያ ቀን፤ የዕረፍት ቀን ሲጨመር አንድ ወር በል። እስከ ዲላ ድረስ ከተማ ከከተማ የተያያዘ ነው፤ ሞጆ፣ መቂ፣ ዝዋይ፣ ሻሸመኔ፣ ሐዋሳ እያልክ ትወርዳለህ። ከዲላ በኋላ በይርጋጨፌና በቡሌ ሆራ በኩል ዳገቱ ይጠብቅሃል። ከያቤሎ ወዲያ አገሩ ይሰፋል፣ ሰው ይሳሳል፣ ፀሐይ ይበረታል። ከሞያሌ ማርሳቢት ባለው ወደ 250 ኪሎ ሜትር ሰፈር የምትለው ነገር ጥቂት ነው። ድሮ የአሽከርካሪ መቅጫ የነበረው ያ መንገድ አሁን አስፋልት ሆኗል፤ ነፋሱና ሙቀቱ ግን የድሮው ናቸው። በዚያ በኩል ቢያንስ 6 ሊትር ውኃ ሳትይዝ አትነሳ። ማርሳቢት ጫካው ዝሆን ያለበት ስለሆነ ድንኳን የትም አትትከል፤ ሲመሽ ሰው ያለበት ግባ።

ጥር ላይ መነሳትህን ወድጄዋለሁ። ቦረናና ሰሜን ኬንያ ክረምታቸው እንደኛ አይደለም። ዋናው ዝናባቸው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ትንሹ በጥቅምትና በኅዳር ነው። ጥር ደረቅ ነው፤ ደረቅ ማለት ደግሞ ውኃ እንደልብ የለም ማለት ነውና የውኃውን ምክር ሁለት ጊዜ አንብበው።

ሌላም አለ። ሞያሌን ስትሻገር መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ነው! በቀኝ የለመደ ሰው በተለይ ጠዋት እንቅልፍ ሳይለቀው ይረሳዋል። በሚነበብ ጽሑፍ «ግራ!» ብለህ ጽፈህ መሪው ላይ ለጥፍ። የሚያስደስትህ ደግሞ የስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ መሆኑ ነው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ለእነሱም አንድ ሰዓት ነው። ናንዩኪ ስትደርስ የምድር ወገብን ትሻገራለህ። እዚያ ቆመህ አንድ ፎቶ ተነሳ።

ብቻህን ልሂድ ወይ?

ከጓደኛህ ልጀምር። ዘጠኝ ቀን ያኮረፍከው ሥራ ስላገኘ ነው? አይ አንተ! በዚህ ኑሮ ሥራ አግኝቶ ያልተቀበለ ጓደኛ ቢኖርህ ነበር ማዘን የሚገባህ። እሱ የከዳህ መስሎህ ይሆናል፤ የእኔ ግምት ግን የተናደድከው ብቻህን ስትቀር ፍርሃትህ ፊት ለፊት ስለመጣ ነው። ፍርሃቱ ነውር የለውም። ሂድና ታረቀው። አዲስ አበባ የሚቀር አንድ ሁነኛ ሰው ያስፈልግሃል፤ በየማታው የት እንዳደርክ የሚሰማ፣ ካልደወልክ ማንን መጠየቅ እንዳለበት የሚያውቅ። መንገዱን ከአንተ ጋር ያጠና ከእሱ የተሻለ ሰው የት ታገኛለህ?

ብቻ መሄዱን በተመለከተ የእኔ መልስ «እስከ ዲላ ይቻላል፣ ከዚያ ወዲያ አጣርተህ» የሚል ነው። ከቡሌ ሆራ በኋላ ባለው መስመር፣ በተለይ በጉጂ በኩል፣ ባለፉት ዓመታት የጸጥታ ችግር ታይቷል። ሁኔታው በየሳምንቱ ይለዋወጣል፤ እኔ ዛሬ የምጽፍልህ ጥር 15 ላይ ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ ቃሊቲ መናኸሪያ ሂድ። የሞያሌ መስመር ሹፌሮችንና ረዳቶችን ሻይ ጋብዝና ጠይቅ። አንዱን ብቻ አትመን፣ ሦስቱን ጠይቅ፤ በመነሻህ ሳምንትም እንደገና ተመልሰህ ጠይቅ። «በዚህ በኩል ባታልፍ ይሻላል» ካሉህ ብስክሌቷን አውቶቡስ ላይ ጭነህ ያንን ክፍል እለፈው። ከባሰም ጉዞውን አራዝመው። ስቲቨንስ አፍጋኒስታንን በመርከብ ዞሮ ዓለምን ዞረ ከመባል ማንም አልከለከለውም!

ከዚህ በተረፈ ድር ቢያብር ነውና በከተማችን ካሉት የብስክሌት ማኅበረተኞች አብሮህ የሚወጣ ጠይቅ። በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረው «መንገድ ለሰው» ወዲህ በከተማችን ብስክሌት የያዘ ወጣት ማየት ብርቅ አይደለም። እስከ ሐዋሳ እንኳ የሚሸኝህ አይጠፋም። የመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት አብሮ የሚነዳ ሰው ካለህ የቀረውን ትደፍረዋለህ።

እማዬን በተመለከተ

አሁን አንተ በመጀመሪያ የጠየቅከውን፣ እኔ ለመጨረሻ ያቆየሁትን ላንሳ።

ደብዳቤህን ደግመህ አንብበው። የአጎትህ ልጅ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው ከሞያሌ ነበር ብለሃል። አንተስ ለእናትህ ከየት ልትደውልላት ነው ያሰብከው? ከሞያሌ! ስድስት ዓመት ሙሉ ስትፈራው የኖረችውን ስልክ፣ ከዚያው ከተማ፣ ከገዛ ልጇ አፍ ልታሰማት ነው። አንተ በስልኩ ውስጥ «ናይሮቢ ልሄድ ነው፣ በብስክሌት ነው፣ እመለሳለሁ» ትላታለህ። እሷ ግን የምትሰማው «ሞያሌ» የሚለውን ብቻ ነው። ቀሪው አይሰማትም።

ፍርሃቷ ደግሞ ከሜዳ የመጣ አይደለም። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ፣ ቴቴ በሚባል ክፍለ ሀገር አንድ የጭነት መኪና ሲፈተሽ በኮንቴይነሩ ውስጥ የ64 ኢትዮጵያውያን አስከሬን ተገኝቷል። በሕይወት የተገኙት 14 ብቻ ነበሩ። በደቡብ መስመር ልጁ የወጣበት ቤተሰብ ሁሉ ይህን ዜና የሰማው የራሱን ልጅ እያሰበ ነው። እናትህም በዚያ ሰሞን የወንድሟን ልጅ ከስልሳ አራቱ መሃል ስትፈልግ አድራ ይሆናል። አንተ መንገዱን በካርታ ታውቀዋለህ፤ እሷ የምታውቀው በሐዘን ነው።

እህትህንስ አስበሃታል? «አስምያታለሁ» ብለህ በአንድ መስመር አልፈሃታል። አንተ በነፋስ ላይ ስትነዳ እሷ ከእናቷ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ናት። «ወንድምሽ ለምን ስልክ አያነሳም?» ሲባል መልስ የምትሰጠው እሷ ናት። አንተ ስድስት ሊትር ውኃ ስትሸከም እሷን የሚበልጥ ጭነት አሸክመሃታል። ዛሬውኑ ከመሐላው ፍታት።

እንግዲህ ለጥያቄህ መልሴ አጭር ነው። አዎን፣ ሳትነግራት መሄድ ጥፋት ነው። ዕድሜህ 24 ነው፤ ፈቃድ የሚጠይቅ ሕፃን አይደለህም። መንገር ግን ፈቃድ መጠየቅ አይደለም። «ማርያም ትጠብቅህ» ሳትልህ ከቤት ወጥተህ የማታውቅ ሰው ከሆንክ የረጅሙን መንገድ ያለዚያች ቃል ልትጀምረው ነው? ሆድህን የሚረብሸው፣ ዕቃ የሚያስቆጥርህ ይኸው ነው እኮ! ቦርሳው ውስጥ የጎደለው ነገር መለዋወጫ አይደለም። እስክታገኘው ስትቆጥር ትኖራለህ።

እንዴት ልንገራት ካልክ፣ ይኸው።

ገና ሊገባ ነው። በበዓሉ ዕለት አትንገራት፤ በዓሏን አታበላሽባት። በዓሉ ካለፈ ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ፣ ቡና በተፈላበት፣ ጎረቤት በሌለበት ሰዓት ንገራት። እህትህ ትኑር። እናትህ የምትሰማት አክስት ካለች አስቀድመህ ነግረሃት ትምጣ። ብስክሌቷን ከተደበቀችበት አውጥተህ ቤት አምጣት፤ በዓይኗ ትያት። የሚሰደድ ሰው ብስክሌት ጠግኖ፣ ቦርሳ ሰፍቶ አይወጣም።

አነጋገርህ ቀጥተኛ ይሁን፦ «እማዬ፣ የምነግርሽ ነገር አለ። የምሰደድ አይደለሁም። ፓስፖርቴ ይኸው፤ የአሠሪዬ የፈቃድ ወረቀት ይኸው፤ የምመለስበት ቀን ይኸው።» የፈቃዱን ወረቀት አሠሪህ በጽሑፍ እንዲሰጥህ አድርግ። መመለሻህን በአውቶቡስ ካሰብክ እሱንም ቀኑን ቁርጥ አድርገህ ንገራት። በመንገዱ ላይ የምታድርባቸውን ከተሞች በትልቁ ጽፈህ ግድግዳው ላይ ለጥፍላት። በየማታው በአንድ በተወሰነ ሰዓት እንደምትደውል፣ ኔትወርክ የሌለባቸው ቀናት የትኞቹ ሊሆኑ እንደሚችሉ አስቀድመህ አስረዳት። ለእናት ከአደጋው በላይ የሚከብደው ዝምታው ነው። የአጎትህን ልጅም ስም ጥራ። ስድስት ዓመት ሙሉ በቤታችሁ ያልተጠራ ስም ከሆነ እሷ የምታለቅሰው ለአንተ ብቻ ላይሆን ይችላል። አታቋርጣት። «ምን ያስለቅስሻል?» አትበላት። ይውጣላት።

«እምቢ ብትልስ?» ትለኛለህ። የመጀመሪያ ቀን እምቢ ትላለች፤ ይህን ጠብቅ። ለዚህ ነው ጥር 14 ማታ አትንገራት የምልህ። ጊዜ ስጣት። ቢሾፍቱ ደርሰህ በሰላም ስትመለስ ታይሃለች። ሐዋሳ ድረስ አብሮህ የሚነዳውን ልጅ ቤት አምጥተህ ምሳ ይብላ፣ ትወቀው። ያኮረፍከው ጓደኛህም ይምጣና «እኔ እየተከታተልኩ እነግርዎታለሁ» ይበላት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። እስከ መጨረሻው ብትከፋም እንኳ አልቅሳ የሸኘችው ልጅና ተደብቆ የጠፋ ልጅ ለእናት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን ትጠብቀዋለች፤ የሁለተኛውን ትቀብረዋለች።

አንድ ነገር ብቻ ከእሷ ጋር አትከራከር። የቃሊቲ ሹፌሮች «መንገዱ አልተረጋጋም» ካሉህና እናትህም «ቆይ» ካለችህ፣ ቆይ። የዕቁብ ብር ተመልሶ ይጠራቀማል። ናይሮቢም የትም አትሄድም።

የቀሩትን ሳምንታት እንዲህ ክፈላቸው

እስከ ገና፦ ብስክሌቷን በየቀኑ መንዳት፣ ጥገና መማር፣ ከጓደኛ መታረቅ፣ እህትን ከመሐላ መፍታት።

ከገና በኋላ፦ ለእማዬ መንገር፤ ፓስፖርት መቀበል፣ መከተብ፣ ባንክና ኤምባሲ መጠየቅ፤ ቅዳሜና እሑድ የቢሾፍቱ ሙከራ።

ከጥምቀት በኋላ፦ ቃሊቲ መናኸሪያ ሄዶ እንደገና መጠየቅ፣ ዕቃ አንድ ጊዜ ብቻ ማሰር፣ ሁለት ማታ ጠግቦ መተኛት። በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት አዲስ ነገር አትግዛ፣ አዲስ ጫማ አታድርግ፣ ረጅም ርቀት አትንዳ። እግርህ ይረፍ።

ውድ አንባቢያን፤ በዚህ መስመር በብስክሌትም ሆነ በሌላ የተጓዛችሁ ካላችሁ የመንገዱን ነገር ጻፉልን። ልጆቻችሁን ወይም ወንድሞቻችሁን በሞያሌ በኩል ሸኝታችሁ ድምፃቸውን የምትጠብቁም ጻፉልን፤ ስማችሁ አይወጣም።

ለአንተ ደግሞ፣ ወንድሜ፣ መልካም መንገድ። ማርሳቢት ስትደርስ በግራ በኩል ንዳ!